አያቴ ኮሪያ ዘምቶ ነበር፤ አዳማ ውስጥ መቃብሩን ማግኘት አቃተን

የለገሃር ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ልጄ ልታገባ ነው። ሽማግሌዎች መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ። ከዚያ አንደኛው «እስቲ ሰባት ቤት እንቁጠር» አሉ። በባሌ በኩል አማቴ እንደ ዳዊት ደገሙት። በአባቴ ወገን እኔም እየተንተባተብኩ ሞላሁት። የእናቴ አባት ላይ ስደርስ ቆምኩ። እናቴ የአያቴን አባት ስም ጠራች። አክስቴ ቀበል አድርጋ «እሱማ አባቱ አይደለም» አለች። በሽማግሌዎቹ ፊት! ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ወጥ ጨምሩ ምናምን ብዬ አለፍኩት።

ፖስታ ቤት አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ አለኝ። የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። የስንቱን ሰው የወራሽነት ወረቀት ጽፌያለሁ። የራሴን አያት ግን ከስሙ በላይ አላውቀውም።

የምናውቀውን ልንገራችሁ። አያቴ ክቡር ዘበኛ ነበር። በ43 ኮሪያ ዘመተ ይባላል። አያቴ (ሴቷ) ያኔ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። አንድ ወታደር በመስኮት አራት እንቁላል ተቀብሏት ሳይከፍል ባቡሩ ተነቃነቀ። በዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ ዕዳውን ከፈለ፣ አገባት። እናቴ ይሄንን እንደ ወንጌል ነው የምታምነው። እኔ ግማሹን።

በ53ቱ ግርግር ከጦሩ ወጣ። ከዚያ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዘበኛ ሆነ፣ ቤቱ ግን አዳማ ነበር። በ1977 ሞተ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለ ጦርነቱ ሲያወራ አልሰማሁም። የማስታውሰው ሱቅ ሲልከኝ እጁን እያጨበጨበ «ፓሊ ፓሊ!» ማለቱን ነው። የቁልምጫ ስሜ ይመስለኝ ነበር።

እጃችን ላይ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፎቶ ነው፣ ቆሞ፣ ኮፍያው ዘመም ብሎ። ክንዱ ላይ ክብ ምልክት አለ፣ ግን ፎቶው እዚያው ላይ ታጥፎ ስለተሰበረ ውስጡ አይለይም። ሌላው ክብ ሜዳልያ ነው። ጨርቁ ሰማያዊና ነጭ ሸንተረር ነው። የሚገርመው ጽሑፉ አማርኛ ነው፣ ስለዚህ የኮሪያ ነው ለማለት አልደፈርንም። አክስቴ ደግሞ «ቃኘው ነበር፣ አስመራ» ትላለች። ኮሪያ ወይስ አስመራ?

አሁን ወደ መቃብሩ። አዳማ ውስጥ ነው የተቀበረው። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጠራም፣ ጠብ አልፈልግም። አዲሱ ሕንጻ ሲሠራ የድሮ መቃብሮች ተነሡ። «ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር» አሉን። ያኔ እናቴ የታመመች አያቴን ስታስታምም ነበር፣ ማን ያንብብ? ሦስት ጊዜ ሄደን ጠየቅን። ስሙን ሲፈልጉ መዝገብ ላይ የለም። «ድንጋዩ ላይ ምን ነበረ?» አሉን። አክስቴ «ክብ ውስጥ ጽዋ ተቀርጿል» አለች። ጽዋ ከሆነ የካህን መቃብር ነው ብለው ወደ ካህናቱ በኩል ወሰዱን። የለም። እናቴ ደግሞ ከመጀመሪያው «ጽዋ አይደለም፣ ሙቀጫ ነው» ትላለች። በመቃብር ላይ ሙቀጫ ማን ይቀርጻል? ተጣልተን ተመለስን።

እናቴ ሰባ አልፏታል። ሳትሞት ድንጋዩን ማየት ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ የአባቱን ስም። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፣ እናቴ አትወድም። ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ። ከየት ልጀምር?

---

አቤል 21

ኮሪያ ውስጥ ቡሳን የሚባል ከተማ የተባበሩት መንግሥታት መቃብር አለ። የዘማቾች ስም እዚያ ተጽፏል። ኢሜይል አድርጊላቸው።

---

ጡረተኛው

አቤል፣ ሰውየው አዳማ ነው የሞቱት እያለች ነው። አንብብ እንጂ። ደግሞም ቡሳን የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም። የእኛዎቹ አጽማቸው ሁሉ ወደ አገር ገብቷል።

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ኮሪያ አልዘመትኩም፣ ዕድሜዬ አይደርስም። ነገር ግን እኔን ያሠለጠኑኝ አለቆች የቃኘው ሰዎች ነበሩ።

ከሜዳልያው ልጀምር። ሰማያዊና ነጭ ሸንተረር ያለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ነው። ለየዘመተው አገር በየቋንቋው ተሠርቷል። የእኛ በአማርኛ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ አማርኛ መሆኑ አያጠራጥርሽ፣ እንዲያውም ማረጋገጫሽ እሱ ነው።

አክስትሽ ያሉት አስመራ ሌላ ነገር ነው። «ቃኘው» የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ጃንሆይ ለዘማቹ ሻለቃ አወጡለት። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያም በኋላ ቃኘው ተባለ። ስሙ ስለገጠመ ብዙ ቤተሰብ ይምታታበታል። አስመራ አትሂጂ።

በ43 ከዘመቱ የመጀመሪያው ቃኘው ናቸው። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ሄደው ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ቡሳን ደረሱ። ባቡሩ በናዝሬት ነው የሚያልፈው፣ የእንቁላሉን ነገር አትናቂው። በዓመቱ በሁለተኛው ሻለቃ ተተኩ። ይሄም ከአያትሽ ታሪክ ጋር ይገጥማል።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ቃኘው የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነው። የ7ኛው ክፍለ ጦር የክንድ ምልክት ቀይ ክብ ነው። ውስጡ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች አንዱ በአንዱ ላይ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ቆመዋል። አሜሪካኖቹ የአሸዋ ሰዓት ይሉታል። የአሸዋ ሰዓት አይታ ለማታውቅ የባልትና ሴት ሙቀጫ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለምትስም ሴት ጽዋ ነው። እናትሽም አክስትሽም ልክ ናቸው።

በክንዱ የነበረውን ነው መቃብሩ ላይ ያስቀረጹለት። ማን እንዳስቀረጸ ባላውቅም ጓደኛ ይመስለኛል፣ ያውም አብሮት የዘመተ። 1977 ቀላል ዓመት አልነበረም። ትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እገዛ ተሠርቶ የተመረቀው በዚያው ዓመት መስከረም ነው። የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ በሆነ መንግሥት ፊት «ሰሜን ኮሪያን ወግቻለሁ» ብሎ ድንጋይ ላይ መጻፍ ማን ይደፍራል? ምልክት ብቻ ቀረጹ። ያወቀ ያውቀዋል፣ ያላወቀ ጽዋ ይለዋል። አያትሽ ለምን እንዳላወሩልሽም ከዚሁ አይርቅም።

---

ሜላት ኬ

እኔ ስለ ታሪክ አላውቅም ግን ኮሪያ ድራማ ሞቼ ነው የማየው 😀 «ፓሊ ፓሊ» ኮሪያኛ ነው! «ቶሎ ቶሎ» ማለት ነው። በየክፍሉ ይሉታል። አያትሽ «ቶሎ በይ» እያሉሽ ነበር። አሁን እያለቀስኩ ነው በእግዜር።

---

የለገሃር ልጅ

ሜላት፣ ሱቁ ውስጥ ሰው ቆሞ ፎቶ ኮፒ እየጠበቀ እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ስሜ ነው ብዬ።

ጋሼ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት? ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። «አላልኩም?» አለች። አክስቴ ጋር ደወለች። አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጽዋ ነው!»

---

ዲያቆን ዘአዳማ

መዝገብ ላይ ያላገኛችሁት በየትኛው ስም ስለጠየቃችሁ ነው? በዓለም ስሙ ከሆነ አይገኝም። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፣ የድሮ መዝገብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እሱን ብቻ ይጽፋል። ድንጋይ ላይም እንደዚሁ። የንስሐ አባታቸው ማን እንደነበሩ አጣሩ። እሳቸው ቢያልፉ እንኳ ተዝካሩ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ የክርስትና ስሙን ያስታውሳል። ያን ይዛችሁ ቄሰ ገበዙን አነጋግሩ እንጂ ጥበቃውን አትጠይቁ።

ሌላው፣ የተነሡ ድንጋዮች አብዛኛውን ጊዜ አይጣሉም። የሰው ስም ያለበትን መስበር ካህናቱም ይፈራሉ። ከአጥር ሥር፣ ከዕቃ ቤት ጀርባ ይደረደራሉ። እዚያ ፈልጉ።

---

የእድር ጸሐፊ ልጅ

አባቴ 30 ዓመት የእድር ጸሐፊ ነበር፣ ስለዚህ ይሄን ነገር ለእኔ ተዉት።

እህቴ፣ የአባቱን ስም ወታደር ቤት አትፈልጊ። የድሮ ልጅ ሲቀጠር የሚያስመዘግበው ያሳደገውን ሰው ነው። አጎት ያሳደገው በአጎቱ፣ ክርስትና አባት ያሳደገው በክርስትና አባቱ ይጠራል። ወታደር ቤት የተጻፈው ስም መታወቂያው ላይ ይገባል፣ ከዚያ የልጆቹ ትምህርት ቤት ላይ፣ ከዚያ ሁላችሁም የዚያ ሰው ልጆች ሆናችሁ ቁጭ። እናትሽ የምትጠራው ስም እንዲህ የመጣ ይመስለኛል። አክስትሽ ቀብሩ ላይ ከገጠር የመጣ ዘመድ ሌላ ስም እየጠራ ሲያለቅስ ሰምታ ይሆናል። ጠይቂያት።

እውነተኛው ስም ያለው እድር ውስጥ ነው። ለምን መሰለሽ? ሰው እድር ሲገባ ማን ሲሞትበት እንደሚደረስለት ያስመዘግባል። እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ አሳዳጊ ካለ እሱንም። ስሙን ከነአያቱ፣ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል፣ የት ነው ያለው። እዚያ ላይ አይዋሽም፣ ቢዋሽ የሐዘኑ ቀን ድንኳን አይተከልለትም! መንግሥት ጋር የሌለ ስንት የዘር ሐረግ የእድር ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

የሰፈራችሁ እድር ስንት ጊዜ ቢከፋፈልም የድሮው መዝገብ አንዱ ዘንድ ይኖራል። ሳትሰለቺ ጠይቂ። ጸሐፊው «ጠፍቷል» ካለ አልፈለገም ማለት ነው፣ ቡና ይዘሽ ተመለሺ።

---

ወንጂ ተወልጄ

ወንጂ ጥበቃ ከነበሩ የሠራተኛ ማኅደር ይኖራቸው ነበር። ፋብሪካው በ1946 በሆላንዶች ተከፈተ፣ በ67 ተወረሰ፣ ወረቀቱ በዚህ መሀል ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የእድሩን አስቀድሚ። አባቴም ኮሪያ የሄዱ ጥበቃዎች እንደነበሩ ሲያወራ ሰምቻለሁ። በር ላይ ሲቆሙ ያስታውቁ ነበር ይላል፣ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አያጣጥፉም።

---

የለገሃር ልጅ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆነ።

መጀመሪያ እድሩ። አሁን ሦስት ሆኗል። ሁለቱ ጋ የለም። ሦስተኛው ጸሐፊ «ጠፍቷል» አሉኝ። ቡና ይዤ ተመለስኩ። 😀 አልጋ ሥር ካለ የጣውላ ሣጥን ውስጥ አወጡት። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ጽሑፉ ግን በብዕር ነው፣ ማለፊያ ቁም ጽሕፈት። እኔ በቀን መቶ ገጽ የምተይበው ሴትዮ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም።

አያቴ ተራ ቁጥር 41 ላይ ነው። ሚስት። ልጆች፣ ሁለት። እናት፣ አለች፣ ሰላሌ። አባት፣ ሞቷል። ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። እናቴ የምትጠራው ስም አይደለም። እሱ ከሥር ነው ያለው፦ «አሳዳጊ አጎት፣ አለ»። የእድር ጸሐፊ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። አክስቴም እንዳልሽው ነው፣ ቀብሩ ላይ አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰምታ ኖሯል። አርባ ዓመት ለእናቴ አልነገረቻትም። «ይከፋታል ብዬ» አለች።

እናቴ አልከፋትም። ዝም ብላ ቆየችና «አጎቱም አሳድጎታላ» አለች። በቃ።

ከገጹ ግርጌ በሌላ ቀለም «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል፣ 1977» ይላል። ለሣጥን የወጣው ገንዘብ ሳይቀር ተጽፏል።

ቀጥሎ የክርስትና ስም። አንዲት የሰፈር እናት ተዝካሩ ላይ እንጀራ ጋግረዋል። እሳቸው ያውቁታል፣ በ«ወልደ» ነው የሚጀምረው። ያን ይዘን ቄሰ ገበዙ ጋ ሄድን። መዝገቡ ላይ ተገኘ። ሦስት ጊዜ «የለም» የተባልንበት መዝገብ ነው፣ ግን አልተናደድኩም፣ ጥፋቱ የእኛም ነው። አጽሙ ከሌሎቹ ጋር ተሰብስቦ በአጥሩ ጥግ አንድ ላይ መቀበሩን ነገሩን። የቱ ጋ እንደሆነ ግን በጣቱ ሊያሳየን የቻለ የለም። እናቴ እዚያ ጋ መሬቱን ተሳልማ ተነሣች።

ድንጋዮቹ ዲያቆኑ እንዳለው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ናቸው። ኒም ዛፍ ሥር ተደራርበዋል፣ የወፍ ኩስ ለብሰዋል። ጉድጓድ ቆፋሪው እየገለበጠልን ሁለት ሰዓት ፈለግን። የአዳማን ፀሐይ ታውቃላችሁ። እናቴን ጃንጥላ አስይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አክስቴ ግን እንቢ አለች፣ በዚያ ጉልበቷ ጎንበስ ቀና ትላለች። አንዱ ድንጋይ ግማሹ የለም። ሃይላንድ ውኃ አፈሰስኩበት፣ በነጠላዬ ጫፍ አሸሁት። ከላይ «ወልደ» ይላል፣ ከዚያ ተሰብሯል። ከሥሩ ክብ አለ። ክቡ ውስጥ ሁለት ሦስት ማዕዘን፣ ጫፍ ለጫፍ።

ሠራተኛው ተሸክሞ እናቴ እግር ሥር አስቀመጠው። በጣቷ ዞረችው። «ሙቀጫ» አለች። አክስቴ ከኋላ ቆማ፣ ላቧን እየጠረገች፣ «ጽዋ ነው» አለች። ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋዩን አጥሩ ጥግ ላይ እንድናቆመው ፈቅዶልናል። እዚህ ላይ ደግሞ እንደገና ምክራችሁን ፈለግኩ። የጎደለውን ልናስቀርጽ ነው። የማንን ስም እናድርግ? የወለደውን ወይስ ያሳደገውን? ዕድሜውን በሙሉ በአሳዳጊው ተጠርቷል፣ ጦር ሜዳም በእሱ ስም ነው የሄደው። እናቴ ሁለቱም ይጻፍ ትላለች። ድንጋዩ ግን ትንሽ ነው።

ሰባት ቤቱ? ከልጄ ጀምሬ ስቆጥር ስድስት ደርሻለሁ። አንድ ጎደለኝ። የልጁ ሽማግሌዎች «ስድስትም አይከፋም» ብለው ነበር፣ አማቴ እንቢ አሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ፍቼ ነን። የአሳዳጊው የልጅ ልጆች እዚያ እንዳሉ ጠይቀን ደርሰንበታል።

---

ጡረተኛው

ልጄ፣ የክርስትና ስሙን ሙሉውን አስጽፊ፣ ከሥሩ «የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ» በይ። አሁን የሚከለክልሽ የለም። አባትና አሳዳጊውን ከጀርባው ታስጽፊያለሽ፣ ድንጋይ ሁለት ፊት አለው። ምልክቱን ግን እንዳታስነኪ። አሳምርልሽ የሚል ጠራቢ ይመጣል፣ እንቢ በዪው።

አዲስ አበባ ስትገቢ ስድስት ኪሎ፣ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጎራ በይ። የዘማቾቹ ማኅበርም እዚያው ነው። ሜዳልያውንና ፎቶውን ያዢ። ከ6,000 በላይ ሰው ነው የዘመተው፣ ስሙን ስትጠይቂ ወታደር ቤት በተጻፈው ይሁን፣ በአጎቱ። እዚያ ሌላውን አያውቁትም።

---

ወንጂ ተወልጄ

ድንጋይ ጠራቢ አውቃለሁ፣ ፍራንኮ በኩል ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉ ግን ውድ ነው። ተከራከሪው።

---

የለገሃር ልጅ

ስልኩን በውስጥ ላክልኝ ወንድሜ። ፓሊ ፓሊ።